በጀርባው የሚሄደው ትል

የቆየ የፍግ ክምር የቆፈረ ሰው ያውቀዋል። አካፋው ጠልቆ ሲወጣ አንድ ወፍራም ነጭ ትል አብሮ ይወጣል። ጥምዝ ያለ ነው። ራሱ ቡናማ ነው። የዋጠው አፈር በቆዳው በኩል ጠቆር ብሎ ይታያል። አብዛኞቻችን "ሥር የሚበላው ይኸው ነው" እንልና ለዶሮ እንወረውረዋለን። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያ አድርጌአለሁ።

አሁን ግን ከመወርወሬ በፊት ለጥ ባለ መሬት ላይ አስቀምጬው ትንሽ እጠብቃለሁ። ትሉ መጀመሪያ ይጠቀለላል። ሲረጋጋ ይዘረጋል። አንዳንዱ በጎኑ እንደተኛ ይንፈራገጣል፤ ብዙም ርቆ አይሄድም። አንዳንዱ ግን ግልብጥ ይልና በጀርባው ይንጋለላል። ስድስቱን እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ በጀርባው ላይ ባሉት አጫጭር ጸጉሮች መሬቱን እየቆነጠጠ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይሄዳል። እግር እያለው በጀርባው! መጀመሪያ ያየሁት ቀን የታመመ መስሎኝ ነበር።

አልታመመም። በጀርባው የሚሄደው የአበባ ጥንዚዛ እጭ ነው። ምግቡ የበሰበሰ ቅጠል፣ ያረጀ ፍግና የሞተ እንጨት ነው። ሕያው ሥር የሚቆረጥመው ብዙውን ጊዜ ያኛው፣ በጎኑ የሚንፈራገጠው ዘመዱ ነው። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ለገበሬም ለጓሮ አትክልተኛም ይህን መለየት ብዙ ነገር ይቀይራል።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። የዚህ ትል ታሪክ ወደ ማሽላ ማሳ ይወስደናል፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ፍርዱ ከባድ ይሆናል።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ላስተዋውቃችሁ። ጥንዚዛ ስንል በጣም ብዙ ነፍሳትን በአንድ ስም ጠቅልለን ነው። ከእነሱ ውስጥ ስካራብ የሚባለው ቤተሰብ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሉት። የጥንት ግብፃውያን በድንጋይ እየቀረጹ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ጥንዚዛ ከዚህ ቤተሰብ ነው። እበት እያንከባለለ የሚሄደውም ከዚሁ ነው። የአበባ ጥንዚዛዎች የዚህ ቤተሰብ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ናቸው። ከቤተሰቡ ሁሉ ቀለም የበዛላቸው እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አረንጓዴ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ አለ። ቢጫ በጥቁር የተዥጎረጎረ አለ። የመዳብ ቀለም ያለውም አለ።

የእኛው ጀግና ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ይባላል። ከምዕራብ አፍሪካ የሳህል አገሮች ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ይገኛል። እኛ ጋ የማሽላ ጥንዚዛ በሚለው ስም ነው የሚታወቀው። መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ቢጫና ቡናማ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ንድፍ ያለበት ነው። ንድፉ ከአንዱ አንዱ ይለያያል። አንዱ ቢጫው ያይላል፣ ሌላው ጥቁሩ። አጠገብ ለአጠገብ ስታዩአቸው የተለያዩ ዝርያዎች ሊመስሏችሁ ይችላሉ።

ሲበር ብታዩት ደግሞ ንብ ወይም ተርብ ይመስላል። ምክንያት አለው። ሌላው ጥንዚዛ ሊበር ሲል ጠንካራውን የላይ ክንፉን እንደ ሳጥን ክዳን ይከፍተዋል። ክዳኑ ተከፍቶ ሲበር አየር ይይዘውና ይከብደዋል። ስለዚህ ዘገምተኛ ነው፤ ግድግዳ ላይ እየተጋጨ ይወድቃል። የአበባ ጥንዚዛ ግን ክዳኑን አይከፍትም። በጎኑ በኩል ገባ ያለች ክፍተት አለችው። ስስ የሆነው የውስጥ ክንፍ በዚያች በኩል ሾልኮ ይወጣል። ክዳኑ እንደተዘጋ ይነሳል፣ ይበራል፣ አቅጣጫ ይቀይራል። ከአበባ አበባ ለሚዞር ነፍሳት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ሌላው ልዩ ነገር አፉ ነው። መንጋጋው ለስላሳ ነው። ጠንካራ ነገር መስበር አይችልም። በአፉ ላይ እንደ ብሩሽ ያለ ጸጉር አለው፤ በእሱ የአበባ ወለላ፣ ጽጌ ብናኝ፣ የዛፍ ፈሳሽና የበሰለ ፍራፍሬ ጭማቂ ይልሳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ማሽላው ጋ ስንደርስ ትፈልጓታላችሁ።

አሁን ወደ አንድ ዓመት ኑሮው እንግባ። ሙሉ ታሪኩ ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነው።

በጋውን ሙሉ ጥንዚዛው መሬት ውስጥ ነው። አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፤ ተቀብሮ ዝናብ ይጠብቃል። ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ሲርስ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ከመሬት ይወጣል። ግራር ላይ ያርፋል፣ አበባ ላይ ያርፋል፣ ይበላል። በዚህ ጊዜ ነው ወንድና ሴት የሚገናኙት። ከዚያ እንስቷ ወደ አፈር ትመለስና ብስባሽ በበዛበት ቦታ እንቁላሏን ትጥላለች። የዛፍ ጥላ ሥር፣ ቅጠል የተከማቸበት፣ የከብት እበት የበዛበት ቦታ ይስማማታል።

ከእንቁላሉ ያ በጀርባው የሚሄደው እጭ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ያህል ደረጃ እየለወጠ ያድጋል። ክረምቱን ሙሉ ይበላል፣ ይበላል፣ ይበላል። ሲጠግብ ከአፈርና ከራሱ ኩስ ትንሽ ክፍል ይሠራል። ውስጧ ልስልስ ያለ፣ ውጭዋ ጠጣር ጎጆ ናት። እዚያ ውስጥ ሙሽሬ ይሆናል፤ ከእጭነት ወደ ጥንዚዛነት የሚለወጥበት ደረጃ ነው። ከእሷ ሰብሮ ሲወጣ ቀለም ያለው ጥንዚዛ ሆኗል። ይህ የሚሆነው በመስከረምና በጥቅምት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጥንዚዛው በሐምሌ ይታያል፣ ይጠፋል፣ በጥቅምት እንደገና ይመጣል። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ የሚራባ ይመስላል። አይደለም። የሚራባው አንዴ ነው። የሐምሌዎቹ ያለፈው ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሊወልዱ ነው የመጡት። የጥቅምቶቹ ደግሞ የዘንድሮ ልጆች ናቸው። እነሱ አሁን አይወልዱም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ መጥገብ። ለረጅሙ የበጋ ጾም ስብ ማጠራቀም አለባቸው። ኅዳር ላይ መሬት ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ።

እስቲ አስቡት። ጥቅምት ላይ ቆላው ምን ይመስላል? ማሽላው ራስ አውጥቷል። ፍሬው ወተት ቋጥሯል። ገና አልጠጠረም፤ በጥፍር ጫን ሲሉት ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። መንጋጋው ለስላሳ ለሆነ፣ ለተራበ ጥንዚዛ ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም። ፍሬው ሳምንታት ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ይጠጥርበት ነበር፤ መስበር አይችልም። ቀድሞ ቢሆንም የሚላስ ነገር የለም። ሁለቱ የጊዜ መስመሮች፣ የጥንዚዛው ረሃብና የእህሉ ወተት፣ በአንድ ወቅት ይገጣጠማሉ። ጉዳቱ ሁሉ ያለው በዚያች መጋጠሚያ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጥንዚዛ ዋና የማሽላ ጠላት ሆኖ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ነው። በአፋርና በአማራ ክልል ቆላማ ቦታዎች፣ በኦሮሚያም በሚኤሶ አካባቢ፣ ገበሬውን አስጨንቋል። በከፋበት ዓመትና ቦታ እስከ 70 በመቶ የሚደርስ የማሽላ ምርት እንዳጠፋ ተመዝግቧል። 70 በመቶ ማለት ከአሥር ጆንያ ሰባቱ ማለት ነው። ማሽላ ደግሞ ለእነዚያ ቦታዎች እንጀራውም፣ ቂጣውም፣ የከብቱ መኖም ነው። አገዳው ሳይቀር አጥር ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል።

ማሽላ ጠባቂ ግሪሳን መከላከል ያውቅበታል። ማማ ሠርቶ ይወጣል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮኻል። ወፏ ትደነግጣለች፣ ትነሳለች። ጥንዚዛ ግን ጩኸት ደንታው አይደለም። አንዱ ራስ ላይ ብዙ ሆነው ተደራርበው ይቀመጣሉ። ብታራግፏቸው ወደሚቀጥለው ማሳ ይበራሉ። ደክማችሁ ተኝታችሁ ጠዋት ስትነቁ እዚያው ናቸው።

መድኃኒት መርጨትስ? ይረጫል፤ ግን ከባድ ነው። ጥንዚዛው በጣም በራሪ ስለሆነ የዛሬው ርጭት የነገውን መንጋ አይመልስም። ፍሬው ወደ መብሰሉ ስለተቃረበ መርዙ ወደ ማዕድ የመድረስ አደጋ አለ። እጩና የተኛው ጥንዚዛ መሬት ውስጥ ስለሆኑ ርጭቱ አይነካቸውም። ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳዝነኝ ንቧ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ቆላውም ደጋውም በአበባ ይሸፈናል፤ ንብ የምትሠራበት ጊዜ ነው። ርጭቱ የሚደርሰው በዚሁ ጊዜ ነው።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ወደ አፍንጫው የዞሩት። አፍንጫ ስል አንቴናውን ማለቴ ነው። የስካራብ አንቴና ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ማራገቢያ የሚዘረጋ ቅጠል ቅጠል አለው። ሽታ የሚያነሳው በዚያ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አብረው የሠሩት ሥራ በጣም ያስደስተኛል። የጥንዚዛውን አንቴና በቀጭን ሽቦ ከመሣሪያ ጋር ያገናኙታል። ከዚያ የአበባና የፍራፍሬ ሽታ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ ያሸቱታል። አንቴናው ለአንዱ ሽታ ኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣል፣ ለሌላው ዝም ይላል። ምልክት የሰጠባቸውን ለይተው ሜዳ ላይ በወጥመድ ይሞክሩታል።

ምን ተገኘ? ከሚስቡት ንጥረ ነገሮች አንዱ ዩጂኖል ነው፤ ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሰኘው ሽታ። ሌላው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ ጡንቻ ሲያም የሚቀቡት ቅባት ላይ የሚሸተው ያ የሚያቃጥል ጠረን። የአበባ ሽታ ያለው ፌኒል አሴታልዴሃይድም አለ። የበሰለ ፍራፍሬ ሽታም ይስበዋል። ወጥመዱ ራሱ የተወሳሰበ ነገር አይደለም። መግባት የሚያመች፣ መውጣት የማያመች ዕቃና ውስጡ የሚጠራ ሽታ ነው። መርዙ በማሳው ላይ አይረጭም፤ ጥንዚዛው ራሱ ወደ ወጥመዱ ይመጣል።

የዓመቱን ኑሮ ያወቀ ሰው ወጥመዱን መቼ እንደሚሰቅልም ያውቃል። ጥቅምት ላይ ቢሰቅል የቆመውን ማሽላ ያተርፋል። ሐምሌ ላይ ቢሰቅል ግን የሚይዛት እያንዳንዷ እንስት እንቁላሏን ይዛ ነው የምትቀረው። ሐምሌ ላይ ማሽላው ገና ቡቃያ ነው፤ ማንም ስለ ጥንዚዛ አያስብም። ግራር ላይ ጥቂት ቢጫ ነገሮች ሲበሩ ማን ልብ ይላል? በእኔ እምነት ግን ሥራው መጀመር ያለበት ያኔ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያደርገውም ብዙ አይፈይድም። ጥንዚዛው ከጎረቤት ማሳ ይመጣል። ቀበሌው እንደ ደቦ አብሮ ቢነሳ ነው የሚያዋጣው።

ቀድሞ የሚደርስ የማሽላ ዘር መዝራትም በዚሁ ስሌት ይገባል። ፍሬው ከጥቅምቱ መንጋ በፊት ከጠጠረ፣ ያ ለስላሳ መንጋጋ ምንም አያደርገውም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሌብነቱ ነው። አሁን ስለ ሥራው ላውራ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነው።

እጩ መሬት ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ሲበላ ምን እየሠራ ነው? የምሥራቅ አፍሪካ የቅርብ ዘመዱ የሆነው ፓክኖዳ ኢፊፒያታ በላቦራቶሪ በደንብ ተጠንቷል። የሆዱ መካከለኛ ክፍል በጣም አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ፒኤች ልኩ ከ10 ይበልጣል። ከሳሙና ውሃ ይብሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኃይለኛ ፈሳሽ ያረጀ ብስባሽ ውስጥ ተቆልፎ የቆየውን ምግብ ያላቅቃል። ከኋላው ደግሞ ሰፋ ያለ ከረጢት አለው። እዚያ ውስጥ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ቃጫውን ያብላሉታል። የላም ጨጓራን ያስታውሳል፤ እንደ ላም ሚቴን ጋዝ እንኳ ያወጣል።

አፈር ለሚያውቅ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ናይትሮጅን ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ብስባሹ ውስጥ ተይዞ የሚገኝ ነው። ተክል በቀላሉ አያገኘውም። እጩ ያን ብስባሽ ይውጣል፣ ፕሮቲኑን ይሰባብራል፣ ከዚያም አሞኒያ አድርጎ በኩሱ ያወጣዋል። አሞኒያ ደግሞ ተክል ሊጠቀምበት የሚችል ነገር ነው። ዩሪያ ማዳበሪያ ስንጥል የምንፈልገው ይህንኑ ነው። በጀርባው የሚሄደው ትል በነጻ ይሠራዋል።

ኩሱን ፍግ ውስጥ ፈልጉት። ጥቁር፣ ድብልብል ያለ፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ ትልልቅ ፍሬ የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ። ብዙ ባያችሁ ቁጥር ክምሩ በደንብ እየበሰበሰ ነው።

ጥንዚዛውም ቢሆን ማሽላ ከማግኘቱ በፊት ሐምሌ ላይ ከአበባ አበባ ሲዞር ጸጉራም ሰውነቱ ላይ ብናኝ ይዞ ይሄዳል። በደቡብ አፍሪካ የሣር ሜዳዎች ላይ እንዲያውም ንብን ትተው በአበባ ጥንዚዛዎች የሚዳቀሉ እጽዋት አሉ። እጩንም ጥንዚዛውንም ደግሞ ቆቅ ትፈልገዋለች፣ ጅግራ ትጭረዋለች።

የቤተሰቡን ሌላ ወገን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ የእበት ጥንዚዛን። አንዳንዱ እበት አድቦልቡሎ በኋላ እግሩ እየገፋ ይወስዳል። አንዳንዱ እበቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ ታች ያወርዳል። አንዳንዱ እዚያው እበቱ ውስጥ ይኖራል። በኬንያ ጻቮ አንድ ኪሎ ተኩል የዝሆን ፋንድያ ላይ 16 ሺህ የሚሆኑ ጥንዚዛዎች ተሰብስበው በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደጨረሱት ተጽፏል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ስሌት እነዚህ ነፍሳት እበት በመቅበራቸው ብቻ ለከብት እርባታው በዓመት 380 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያድኑለት አስልቷል። ዝንብ ይቀንሳል፣ ሣሩ አይበላሽም፣ አፈሩ ይተነፍሳል።

በእኛ ደጋ ግን እበቱ ብዙውን ጊዜ ጥንዚዛው ሳይደርስበት ይለቀማል። ኩበት ተጠፍጥፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ማገዶ ይሆናል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እንጨት በሌለበት ቦታ እናት ምን ታድርግ? ነገር ግን አንድ እበት ከምድጃ ሲገባ ለአፈሩ፣ ለጥንዚዛውና ለሚቀጥለው ዓመት እህል የሚሆነው አብሮ ይቃጠላል። ጭስ የሚቀንስና ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ያለው ጥቅም ከወጥ ቤት አልፎ እስከ ማሳ የሚደርሰው በዚህ ነው። ለከብት የሚሰጡ አንዳንድ የጥገኛ ትል መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ አይቨርሜክቲን፣ በእበቱ ውስጥ ሳይጠፉ ስለሚወጡ የጥንዚዛውን እጭ እንደሚገድሉም ማወቅ ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ያስፈልጋል፤ ከብቱ ሳይታመም በየጊዜው ዝም ብሎ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ያ ትል ምን ይሁን? መልሴ እንደ ቦታው ነው። አዲስ አበባ ወይም ደጋ ላይ ጓሮአችሁ ውስጥ ኮምፖስት ስታገላብጡ ካገኛችሁት መሬት ላይ አስቀምጡት። በጀርባው ከሄደ መልሱት፤ ከእናንተ የተሻለ ኮምፖስት ሠሪ ነው። በጎኑ ከተንፈራገጠና በተለይ ሰላጣው ሥር ያገኛችሁት ከሆነ ዶሮዋ ትጠቀምበት።

ማሽላ በሚዘራበት ቆላ ከሆናችሁና ወሩ ነሐሴ ከሆነ ግን እኔ ራሴ በጀርባው የሚሄደውንም አልመልሰውም። እሱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ማሽላው ራስ ላይ የሚቀመጠው ሊሆን ይችላል። የፍጉን ክምር ወደ ማሳ ከመበተናችሁ በፊት ዶሮዎቹ አጠገብ ገልበጥ አድርጉትና ለቀቅ አድርጓቸው። ጭረው ጭረው ሲጨርሱ በትኑት።